ከማተሚያ ቤት ወደ ስልክ፣ ከድረ ገጽ ወደ ወረቀት፦ ለየትኛው ሰነድ የትኛው መንገድ ይሻላል?

ባሕር ዳር ውስጥ ጽሑፍ በአንድ መልክ ተሠርቶ አያበቃም። የጣና ገዳማት ብሮሸር ማተሚያ ቤት ገብቶ ይወጣል፤ ወዲያው «ስልክ ላይ የሚነበብም አድርጉልን» ይባላል። የደብሩ የበዓል መጽሔት ታትሞ ሳያልቅ ውጭ አገር ያሉ ምእመናን በኢንተርኔት ይጠይቁታል። በተቃራኒውም አለ። ስለ እምቦጭ ድረ ገጽ ላይ የወጣ ጽሑፍ ለሐይቁ ዳር ገበሬዎች በወረቀት እንዲታደል ይፈለጋል። ፔዳና ፖሊ በሚባሉት የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ያሉ ተማሪዎች ደግሞ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን አስጠርዘው ካስገቡ በኋላ በድረ ገጽ ማጋራት ይፈልጋሉ።

መንገዱ ብዙ ነው። ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ያገኘውን ነፃ መቀየሪያ ይጠቀምና በውጤቱ ያዝናል። እኔ ምርጫውን በሁለት ጥያቄ ነው የምወስነው። ፋይሉ ውስጥ ያለው አማርኛ እውነተኛ አማርኛ ነው ወይስ አማርኛ የሚመስል ነገር? ፒዲኤፉ የወጣበት ዋናው ፋይልስ በእጃችሁ አለ? የሁለቱ መልስ ከታወቀ የፕሮግራሙ ስም ያን ያህል አያሳስብም።

ሁለቱ ፎርማቶች፣ የኅትመቱ ፒዲኤፍና የድረ ገጹ ኤችቲኤምኤል፣ በተፈጥሯቸው አይመሳሰሉም። ፒዲኤፍ የሚይዘው ገጽን ነው። ይህ ፊደል ከግራ ጠርዝ ይህን ያህል፣ ከታች ይህን ያህል ርቆ ይቀመጥ ይላል። ርእሱ የቱ ነው፣ አንቀጹ የት ያበቃል የሚለውን ብዙ ጊዜ አያውቅም። አዶቤ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲያወጣው ዓላማው ሰነድ በየትኛውም ኮምፒውተርና ፕሪንተር መልኩን ሳይለውጥ እንዲወጣ ነበር፤ በ2008 ደግሞ ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኗል። ኤችቲኤምኤል ይህ ርእስ ነው፣ ይህ አንቀጽ ነው፣ ይህ ሰንጠረዥ ነው ይልና መልኩን ለስክሪኑ ይተዋል። ስለዚህ ከኅትመት ወደ ድረ ገጽ ስትሄዱ የሚጎድለው የጽሑፉ አወቃቀር ነው። ከድረ ገጽ ወደ ኅትመት ስትሄዱ የሚጎድለው ቀለምና የፎቶ ጥራት ነው።

መጀመሪያ አንድ ቃል ፈልጉ

ምንም ከመቀየራችሁ በፊት ፒዲኤፉን በኮምፒውተር ክፈቱ። ኮንትሮልና ኤፍ ተጫኑ። ገጹ ላይ በዓይናችሁ የምታዩትን አንድ ቃል፣ ለምሳሌ «ጣና» ብላችሁ ፈልጉ።

ካገኘው ጽሑፉ ዩኒኮድ ነው፤ ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር በሚሰጠው ዓለም አቀፍ አሠራር የተጻፈ እውነተኛ አማርኛ ማለት ነው። እፎይ በሉ፤ ከባዱ ነገር የለባችሁም።

ካላገኘው ጽሑፉን በማውስ ለመምረጥ ሞክሩ። ከተመረጠላችሁ ኮፒ አድርጉና ኖትፓድ ላይ ለጥፉት። የላቲን ፊደል፣ ቅንፍና የዶላር ምልክት የተደባለቀበት ነገር ከወጣ በድሮ ፎንት የተጻፈ ነው ማለት ነው። ቪዥዋል ግዕዝ፣ አጋፋሪና የፓወር ግዕዝ የቀድሞ ፎንቶች በዚህ መንገድ የሚሠሩ ናቸው። የእኛን ፊደል በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ አስቀምጠው ነው የሚያሳዩት። ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው ላቲን ነው፤ ለዓይናችን «ጣና» የሚያስመስለው ፎንቱ ነው። የእኛ ፊደል ደግሞ ብዙ ስለሆነ አንዳንዱ በበርካታ የፎንት ፋይሎች ከፋፍሎታል፤ አንዳንዱ አካሉንና ቅጥያውን ለየብቻ አስቀምጦ ይገጣጥመዋል። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ማተሚያ ቤቶች ግን የለመዱትን ፎንት ቶሎ አልጣሉትም፤ ስለዚህ ከዚያ ዓመት በኋላ የተሠራ ሰነድም ከዚህ ችግር ነፃ ነው ማለት አይቻልም።

ችግሩ ወረቀት ላይ ፈጽሞ አይታይም። መጽሔቱ አምሮ ይታተማል። ድረ ገጽ ላይ ሲወጣ ግን ያ ፎንት አንባቢው ስልክ ላይ ስለሌለ የሚታየው ትርጉም የሌለው የላቲን ክምር ነው። ጉግልም አያገኘውም።

መፍትሔው የድሮውን ፎንት ወደ ዩኒኮድ በሚቀይር መሣሪያ መለወጥ ነው። እዚህ ላይ አጥብቄ የምመክረው ነገር አለ። ከፒዲኤፍ ሳይሆን ከዋናው የዎርድ ፋይል ቀይሩ። ዎርድ የትኛው ቃል በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ ያውቃል። መጽሔቱ ውስጥ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሰው ስም ወይም የኢሜይል አድራሻ ካለ፣ ፎንት ሳይለይ ሁሉን የሚቀይር መሣሪያ እሱንም ወደማይነበብ አማርኛ ይለውጠዋል። ከተቀየረ በኋላ መጀመሪያ የምታዩት ዲቃላ ፊደላትን ይሁን። «ቋንቋ»፣ «ጧት»፣ «ኳስ» በትክክል ወጥተዋል? ቀጥሎ ቁጥሮችና ነጥቦች። እነዚህ ደህና ከሆኑ ሌላው አብዛኛውን ጊዜ ደህና ነው።

ጽሑፉ ጭራሽ የማይመረጥ ከሆነ ስካን ነው፤ ፎቶ ማለት ነው። ከፎቶ ላይ ጽሑፍ የሚያነበው ነፃ ፕሮግራም ቴሰራክት አማርኛ ያነባል። በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) የተነሳ ንጹሕ ገጽ ብትሰጡት ጥሩ ይሠራል፤ የተጨማደደ ፎቶኮፒ ከሰጣችሁት ግን አትጠብቁ። «ነ»ን ከ«ኘ»፣ «ተ»ን ከ«ቸ» ያምታታል፤ ልዩነታቸው አናታቸው ላይ ያለች አንዲት ጭረት ናትና። የግዕዝ ቁጥር ያለበትን መስመር ሁሉ በዓይን አረጋግጡ። ሰነዱ ጥቂት ገጽ ብቻ ከሆነ ለሚፈጥን ጸሐፊ ከፍላችሁ እንደገና ማስጻፍ ይሻላል። እርማቱ ከመጻፉ በላይ ጊዜ ሲወስድ ማየት የተለመደ ነው።

ከኅትመት ወደ ድረ ገጽ

በጣም ቀላሉ ፒዲኤፉን እንዳለ መጫን ነው። ይህን መንገድ ሰነፍ ነው ብዬ አልንቀውም። ተሞልቶና ተፈርሞ የሚመለስ ፎርም ከሆነ፣ ወይም ሰው አውርዶ የሚያስቀምጠው መጽሐፍ ከሆነ ትክክለኛው ምርጫ እሱ ነው። ለስልክ ንባብ ግን ስሌቱን እዩት። ኤ4 ወረቀት 210 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። የስልክ ስክሪን ስፋት ወደ 70 ሚሊ ሜትር ነው። ገጹ ወደ ሲሶው ሲያንስ በ12 ነጥብ የተጻፈው ፊደል 4 ነጥብ ይሆናል። አንባቢው እያሳደገ፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ እየጎተተ ነው የሚያነበው። ሁለት ዓምድ ከሆነማ ለእያንዳንዱ ዓምድ ወርዶ ተመልሶ መውጣት አለበት። ኤ5 ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ፊደሉን በግማሽ ያሳንሰዋል። ፎቶ የበዛበት የኅትመት ፒዲኤፍ ደግሞ ክብደቱ ሌላ ጣጣ ነው። ጀልባ ተራ ቆሞ በራሱ ዳታ የሚያወርድ እንግዳ የማተሚያ ቤቱን ፋይል ሙሉ እንዲጠብቅ አታድርጉት። ቢያንስ ለድረ ገጽ የተቀነሰ ሁለተኛ ፒዲኤፍ አውጡ።

ሁለተኛው መንገድ ፒዲኤፍን በቀጥታ ወደ ኤችቲኤምኤል የሚቀይሩ መሣሪያዎች ናቸው። ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ መልኩን ይጠብቃል፤ እያንዳንዱን መስመር በነበረበት ቦታ ይቸነክራል። ኮምፒውተር ላይ ሲያዩት ያስደንቃል። ስልክ ላይ ግን ያው ፒዲኤፍ ነው፤ ማሳደግ፣ መጎተት። ይህን ለማንም አልመክርም። ሌላው ጽሑፉን ብቻ ነቅሎ ያወጣል። ይህ ይጠቅማል፤ ግን ጥሬ ዕቃ ነው። የገጽ ቁጥሩና የመጽሔቱ ስም በዓረፍተ ነገር መሐል ይገባሉ። ጠባብ ዓምድ ላይ የተሰበረ ቃል ሲገጣጠም መሐሉ ላይ ክፍተት ይቀራል፤ «ባሕር ዳር» «ባሕ ር ዳር» ይሆናል። እነዚህን ማጽዳት እጅ ይጠይቃል።

ይህ እንዴት ሰውን እንደሚያሳስት ሦስት እጥፍ ብሮሸር ላይ በደንብ ይታያል። ብሮሸሩ በአግድም ኤ4 ላይ ይሠራል። ተዘርግቶ የውጭ ፊቱ ሲታይ ከግራ ወደ ቀኝ ያለው ቅደም ተከተል ወደ ውስጥ የሚታጠፈው ክንፍ፣ ጀርባው፣ ከዚያ ሽፋኑ ነው። መቀየሪያው የሚያነበው ከግራ ወደ ቀኝ ነው። ስለዚህ ድረ ገጹ ላይ መጀመሪያ የሚመጣው ክንፉ ላይ ያለው የዑራ ኪዳነ ምሕረት ታሪክ ነው። ቀጥሎ ስልክና አድራሻ ይመጣል። «የጣና ገዳማት» የሚለው ዋና ርእስ መጨረሻ ላይ ይገኛል። ይህ ቢያንስ ስለሚታይ ይስተካከላል።

የሚያስፈራኝ ሰንጠረዡ ነው። ብሮሸሩ ገዳማቱን በአንድ ዓምድ፣ ማን መግባት እንደሚችል በሌላ ዓምድ ያስቀምጣል እንበል። ዑራ ኪዳነ ምሕረትና ናርጋ ሥላሴ ለሁሉም ክፍት ናቸው። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች የማይገቡባቸው ናቸው። ጽሑፍ ነቃዩ ስሞቹን በሙሉ አንድ ላይ ይደረድርና «ለሁሉም፣ ለወንዶች ብቻ፣ ለወንዶች ብቻ፣ ለሁሉም» የሚለውን ከታች ይከምረዋል። የትኛው የየትኛው እንደሆነ ይጠፋል። አንድ ስም ወይም አንድ ሴል ከተዘለለ ደግሞ ሁሉም በአንድ ይንሸራተታል። ከዚያ ይህን ድረ ገጽ ያመነች ሴት ለጀልባ ከፍላ ክብራን ደርሳ ትመለሳለች። ስለዚህ ሰንጠረዥን መቼም ለመቀየሪያ አትመኑ፤ በእጅ እንደገና ሥሩት። ለስልክ ከሆነ እንዲያውም ሰንጠረዡን ትቶ በየገዳሙ ስም ሥር አንድ አጭር መስመር መጻፍ ይሻላል።

ሦስተኛው፣ የእኔም ምርጫ፣ ወደ ዋናው ፋይል መመለስ ነው። ዎርድ ከሆነ ሁለት በር አለ። አንዱ ዎርድ ራሱ እንደ ድረ ገጽ እንዲያስቀምጠው ማድረግ ነው። ብዙ የማያስፈልግ የመልክ ትእዛዝ ይጨምራል፤ «ፊልተርድ» የሚለውን ብትመርጡ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ሌላው ፓንዶክ ነው። የካሊፎርኒያ ፍልስፍና መምህሩ ጆን ማክፋርሌን እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመረው ነፃ ፕሮግራም ነው። የዎርድ ፋይል ሰጥታችሁት ንጹሕ ኤችቲኤምኤል ይመልስላችኋል። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ፒዲኤፍ ማውጣት ይችላል፤ ፒዲኤፍ ማንበብ ግን አይችልም። ይሄ በራሱ ይነግራችኋል፤ ፒዲኤፍ የሥራው ማብቂያ እንጂ መነሻ አይደለም።

ፓንዶክ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ርእሶቹ በስታይል ይሠሩ። ጸሐፊው ርእሱን ቦልድ አድርጎ፣ ፊደሉን አሳድጎ ብቻ ከሄደ ለዓይን ርእስ ነው፤ ለፓንዶክ ወፈር ያለ ተራ አንቀጽ ነው። «ሄዲንግ 1»፣ «ሄዲንግ 2» የሚሉትን ስታይሎች የተጠቀመ ሰነድ ግን ማውጫውን ይዞ ነው የሚመጣው። የመመረቂያ ጽሑፍ ለምትጽፉ ተማሪዎች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ በስታይል ጻፉ። የወረቀቱም ማውጫ፣ የድረ ገጹም ማውጫ ከዚያው ይወጣል።

ዋናው ፋይል ኢንዲዛይን በሚባለው የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም የተሠራ ከሆነ እሱም ወደ ኤችቲኤምኤልና ኢፐብ ወደሚባለው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ፎርማት ያወጣል። ያው የስታይል ጉዳይ እዚያም አለ። ረጅም መጽሐፍ ከሆነ ኢፐብን አስቡበት፤ እንደ ድረ ገጽ ከስክሪኑ ጋር ይስተካከላል፣ አንዴ ከወረደ ደግሞ ያለ ዳታ ይነበባል።

አንድ ጥቃቅን የሚመስል ነገር። ብዙዎቻችን «ነው» ብለን ቦታ ትተን «።» እንጽፋለን። ወረቀት ላይ ሌይአውት (የገጽ አቀማመጥ) የሚሠራው ሰው ስለሚያየው ያስተካክለዋል። ድረ ገጽ ላይ የመስመሩ ስፋት በየስልኩ ስለሚለያይ አራት ነጥቡ ብቻውን ወርዶ አዲስ መስመር ይጀምራል። ከመቀየራችሁ በፊት በ«ፈልግና ተካ» ክፍተቱን አጥፉ። ሁለት ጊዜ የተመታውን «፡፡»ም በዚያው ወደ «።» ለውጡት።

ከድረ ገጽ ወደ ወረቀት

እዚህ ጽሑፉ አያስቸግርም። ድረ ገጽ ላይ በትክክል የሚነበብ አማርኛ ዩኒኮድ ነው። ጥያቄው ማን ያትመዋል የሚለው ነው።

ፎቶኮፒ ቤት በጥቁርና ነጭ የሚባዛ ከሆነ ክሮም ላይ «ፕሪንት» ብላችሁ እንደ ፒዲኤፍ ማስቀመጥ ይበቃል። ለስብሰባ የሚታደል የእምቦጭ መከላከያ ጽሑፍ ከዚህ በላይ አያስፈልገውም። አናትና ግርጌ ላይ የሚመጣውን ቀንና የድረ ገጽ አድራሻ አጥፉት። የፊደሉን መጠን ከፍ አድርጉት፤ ሽማግሌዎች ያነቡታል።

ወደ ኦፍሴት ማተሚያ የሚሄድ ከሆነ ግን የክሮም ፒዲኤፍ አይሆንም። ስክሪን ቀለም የሚሠራው በአርጂቢ፣ ማለትም በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ብርሃን ነው፤ ማተሚያ በሲኤምዋይኬ፣ ማለትም በሲያን፣ በማጀንታ፣ በቢጫና በጥቁር ቀለም። ስክሪን ላይ የሚያበራው የጣና ሰማያዊ ወረቀት ላይ ደብዘዝ ይላል፤ በቀለም ተቀላቅሎ ያን ብርሃን ማምጣት አይቻልም። ይህን ደንበኛው ቀድሞ ይወቅ፤ ናሙና ታትሞ ይይ። ከሰማያዊው የከፋው የጽሑፉ ጥቁር ነው። የአርጂቢ ጥቁር ወደ ሲኤምዋይኬ ሲቀየር አብዛኛውን ጊዜ የአራቱ ቀለሞች ድብልቅ ይሆናል። እያንዳንዱን ቀለም የሚያትሙት ሰሌዳዎች ትንሽ ከተዛነፉ ፊደሉ ዙሪያውን ቀለም ያወጣል። የእኛ ፊደላት ደግሞ ቀጫጭን ቅጥያ ነው ያላቸው። በትንሽ መጠን የተጻፉ «ጭ»ና «ጬ» መለየት ያቅታል። ጽሑፉ በጥቁር ቀለም ብቻ እንዲወጣ ማድረግ ግዴታ ነው።

ፎቶም አለ። ማተሚያ ቤት በተለምዶ 300 ዲፒአይ ይጠይቃል። ድረ ገጽ ላይ ደህና የሚታይ 1000 ፒክስል ስፋት ያለው ፎቶ በዚያ ጥራት ሲታተም 8.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ሙሉ የኤ5 ገጽ የሚሸፍን ፎቶ፣ በየጠርዙ ለመከርከሚያ 3 ሚሊ ሜትር ሲጨመርለት፣ 1820 በ2550 ፒክስል ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ ፎቶውን ከድረ ገጹ አታውርዱ፤ ያነሳውን ሰው ዋናውን ጠይቁት። በቴሌግራም ከላከ «እንደ ፋይል» ይላከው፤ እንደ ፎቶ ከተላከ ያንሳል።

ባለ ቀለም መጽሔት ወይም ብሮሸር ከሆነ ጽሑፉን ወደ ኢንዲዛይን አስገብቶ እንደ አዲስ ሌይአውት ማሠራት ነው። ገንዘብ የሌለው ስክራይበስ በሚባለው ነፃ የሌይአውት ፕሮግራም ይሥራው፤ ሲኤምዋይኬም ያውቃል። በየወሩ ወይም በየዓመቱ በአንድ ዓይነት መልክ የሚወጣ ሪፖርት ከሆነ ግን በየጊዜው ዲዛይነር መክፈል አያስፈልግም። ዊዚፕሪንትና ፔጅድ ጄኤስ የሚባሉ ነፃ መሣሪያዎች ኤችቲኤምኤሉን ወስደው የገጽ ቁጥር፣ ኅዳግና የምዕራፍ ርእስ ያለው ፒዲኤፍ ያወጣሉ። መጀመሪያ ላይ ኮድ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ። አንዴ ከተዘጋጁ በኋላ ጽሑፉን መለወጥ ብቻ ነው።

ወረቀት ላይ ሊንክ አይነካም። «እዚህ ይጫኑ» የሚሉትን ሁሉ አውጡና አጭር አድራሻ ወይም ኪውአር ኮድ አስገቡ።

ገና ያልጀመራችሁ ከሆነ

ሰነዱ ገና ሊጻፍ ከሆነና በሁለቱም መልክ እንደሚወጣ ከታወቀ ከአንድ ምንጭ ተነሡ። በዩኒኮድና በስታይል የተጻፈ አንድ የዎርድ ፋይል ይኑር፤ ፎቶዎቹ በሙሉ ጥራት ለብቻቸው በአንድ ፎልደር ይቀመጡ። ከዚያ ወደ ማተሚያ ቤትም ወደ ድረ ገጽም ይሂድ። እርማት ሲመጣ ምንጩ ላይ ይታረም። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ማተሚያ ቤት የመጨረሻው ፕሩፍ (ከኅትመት በፊት የሚታረመው ናሙና) ላይ የጀልባ ዋጋ ያስተካክላሉ፤ ዎርዱ ላይ የድሮው ይቀራል። ድረ ገጹ ከዎርዱ ይሠራና ሁለቱ አይስማሙም። ፕሩፍ ላይ የተደረገ ማንኛውም ለውጥ በዚያው ቀን ወደ ምንጩ ይመለስ፤ ይህን የሚከታተል አንድ ሰው ይመደብ።

የምግብ ቤት ሜኑ ወይም ዋጋው በየሳምንቱ የሚለወጥ ነገር ከሆነ በተቃራኒው ሂዱ። ዋናው ድረ ገጹ ይሁን፤ ወረቀቱ ከዚያ በክሮም ይታተም።

ከማተሚያ ቤት ጋር ስትዋዋሉ ደግሞ የታተመውን ወረቀት ብቻ አትቀበሉ። የኅትመቱን ፒዲኤፍና የኢንዲዛይኑን ፋይል ከፎቶዎቹና ከፎንቶቹ ጋር በፍላሽ ጠይቁ። ኢንዲዛይን ይህን ሁሉ በአንድ ፎልደር ሰብስቦ የሚያወጣበት «ፓኬጅ» የሚባል ትእዛዝ አለው፤ ለዲዛይነሩ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ጥያቄው ቀብድ ከመከፈሉ በፊት በውሉ ላይ ይግባ። ሥራው ካለቀ ከዓመት በኋላ ሲጠየቅ ዲዛይነሩ ሥራ ለቅቆ፣ ኮምፒውተሩ ፎርማት ተደርጎ ሊጠብቃችሁ ይችላል።